ብሎኑ የሚጠብቀው መኪናዋ በእግሯ ቆማ ነው፦ ዝቅ የተደረገች መኪና ጎሚኒ አስተካከል

ደሴ ውስጥ ዝቅ ያለች ቪትዝ ወይም ኮሮላ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቸርኬው ላይ አይቀርም። ጎንበስ ብዬ የፊት ክንዷን፣ ጎማውን ከሻንሲው (ከመኪናዋ ዋና የብረት አካል) ጋር የሚያይዘውን ብረት፣ ነው የማየው። ባለቤቱ አጠገቧ ካለ ደግሞ እጠይቀዋለሁ፤ «ሞላውን በአጭር ከቀየርክ በኋላ የክንዱን ብሎኖች አላልተህ መልሰህ አጥብቀሃቸዋል?» አብዛኛው ሰው «እሱ ደግሞ ለምን?» ይለኛል። ሞላው ገብቷል፣ መኪናዋ አምራለች፣ ሌላ ምን ቀረ?

የቀረው ትልቁ ነገር ነው። እኔም ያወቅኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የታናሽ ወንድሜን ቪትዝ 40 ሚሊሜትር ዝቅ አስደረግናት። የሠራልን ጋራዥ ሞላውን በሥርዓት ነው የገጠመው። ጥፋቱ አንድ ነበር። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሳሉ የክንዱን ብሎኖች እስከ መጨረሻው አጠበቃቸው። አምስት ወር አልሞላም። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከግራ በኩል «ጓ» የሚል ድምፅ መጣ። መሪውም ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። ኮምቦልቻ ደርሰን አስፈትተን ስናይ ጎሚኒው፣ ማለትም በክንዱና በብሎኑ መካከል ያለው ላስቲክ፣ ከብረቱ ተላቅቆ፣ ግማሹ እንደ ተቀደደ ቆዳ ተንጠልጥሏል።

ሐረጎን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። መንገዱ እጥፍጥፍ ነው። ክረምት ሲሆን ጉም አለ፣ ከፊት የጫነ ከባድ መኪና አለ። እዚያ ላይ ፍሬን ስትይዙ ጎማው ወደ ኋላ መሄድ ይፈልጋል። ይዞ የሚያስቀረው ክንዱ ነው፤ ክንዱን ከሻንሲው ጋር የሚያስተሳስሩት ደግሞ እነዚያ ጎሚኒዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ጎሚኒው እንደ በር ማጠፊያ አይዞርም

ብዙ ሰው፣ አንዳንድ መካኒክም ጭምር፣ ክንዱ በብሎኑ ዙሪያ እንደ በር ማጠፊያ የሚዞር ይመስለዋል። አይዞርም። ጎሚኒውን በእጃችሁ ይዛችሁ ተመልከቱት። ሦስት ነገር ነው። ውጭው የብረት ቀለበት ነው፤ ክንዱ ውስጥ በፕሬስ ተጠቅጥቆ ይገባል። መሀሉ ላይ ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ላስቲክ ከሁለቱም ብረት ጋር ተጣብቆ የተጋገረ ነው።

ብሎኑ ሲጠብቅ የመሀሉ ቱቦ በሻንሲው ሁለት ጆሮዎች መካከል ይጨመቅና ድርቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አይልም። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ላስቲኩ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ብሎኑ በጠበቀበት ሰዓት ክንዱ የነበረበት ቦታ። ክንዱ ከዚያ ሲርቅ ላስቲኩ ይጠመዘዛል፣ ሲመለስ ያርፋል።

አሁን መኪናዋን ዝቅ አደረጋችሁ እንበል። ከክንዱ ብሎን እስከ ጎማው ቴስቲና (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሳይ መጋጠሚያ) 320 ሚሊሜትር ቢሆንና መኪናዋ 40 ሚሊሜትር ብትወርድ፣ ክንዱ ወደ 7 ዲግሪ ተዘንብሎ ይቀራል። ብሎኑ ካልተነካ ላስቲኩ መኪናዋ ቆማ እያለችም 7 ዲግሪ እንደተጠማዘዘ ነው። አንገታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ውላችሁ ብታድሩ እንደማለት ነው። ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ይጨምርበታል።

የወንድሜ መኪና ላይ የሆነው ከዚህም የከፋ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ክንዱ ቆሞ ከሚያርፍበት ቦታ 100 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ነበር እንበል። በዚያ ቦታ ከጠበቀ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ላስቲኩ 18 ዲግሪ ያህል ይጠማዘዛል። ቀን ከሌት እንዲህ ሆኖ የሚኖር ላስቲክ ዳር ዳሩ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የምታዩት ምልክትም አለ። መኪናዋ ከሚገባት በላይ ትደርቃለች። ዝቅ ብላለች ብላችሁ ስትለኩ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብላ ታገኟታላችሁ፤ የተጠማዘዘው ላስቲክ ራሱ እንደ ሞላ ይገፋታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መኪናዋ ሙሉ ክብደቷን ጎማዋ ላይ አሳርፋ ቆማ ሳለ ብሎኖቹን ማላላት፣ ላስቲኩ እንዲያርፍ ማድረግ፣ እዚያው ላይ መልሶ ማጥበቅ። ሥራው ይህ ነው። አስቸጋሪው፣ መኪናዋ ጎማዋ ላይ ቆማ ሳለ ሥሯ መግባቱ ነው።

የትኞቹ ብሎኖች ናቸው?

ቪትዝና አብዛኞቹ አዳዲስ ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ ፊት ለፊት በየጎኑ አንድ የታችኛ ክንድ አለ፤ ከሻንሲው ጋር በሁለት ቦታ ይያያዛል። ኋላ ግራና ቀኙን የሚያገናኝ አንድ ወፍራም አግድም ብረት አለ፤ እሱም በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች ከሻንሲው ጋር ተያይዟል። የኋላ አሞርዛተሮች (ንዝረት ማብረጃዎች) የታችኛው ዓይንም ተመሳሳይ ጎሚኒ አለው። እነዚህን ሁሉ ታላላላችሁ።

የፊት ክንዱ የኋለኛው ጎሚኒ ላይ ቆም በሉ። ብሎኑ አግድም የተኛ ከሆነ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል። ብሎኑ ወደ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ክንዱ ሲወጣ ሲወርድ ላስቲኩ በብሎኑ ዙሪያ አይጠማዘዝም፤ ጎን ለጎን ነው የሚታጠፈው። እሱን በዚያው ሰዓት ማጥበቁ አይጎዳም፤ ዋናው ትኩረታችሁ ግን አግድም የተኙት ላይ ይሁን።

ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ያላቸው ፒክአፖችም ከዚህ ወገን ናቸው። የባሌስትራው የፊት ዓይንና የኋላ ማንጠልጠያ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ቆሞ ነው። ፒክአፕ ዝቅ ለምታደርጉ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ የኋላ አክስል ላይ በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ አላቸው። ሰውነቱ ወደ አክስሉ ሲጠጋ «ዕቃ ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶውን ፒክአፕ ዝቅ አድርጋችሁ ይህን ካላስተካከላችሁ፣ በዝናብ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይያዝና መኪናው ጭራውን ያዞራል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ እባካችሁ አትርሱት።

ቴስቲናዎችን አትንኩ። እነሱ በኳስ ነው የሚዞሩት፤ የማረፊያ ቦታ የላቸውም። ከላስቲክ ይልቅ ጠንካራ ፕላስቲክ መሰሉ ፖሊዩሬቴን የገጠማችሁም አብዛኛው ዓይነት በቱቦው ዙሪያ የሚንሸራተት ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። እሱ የሚፈልገው ሲሊኮን ግራሶ ነው። ላስቲክ ጎሚኒ ላይ ግን ተራ ግራሶም ሆነ ዘይት አይቀባም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል።

መሬቱን ፈልጉ

ደሴ ላይ ይህን ሥራ ለመሥራት ከባዱ ነገር ለጥ ያለ መሬት ማግኘት ነው። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠ ነው፤ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ተዳፋት ላይ የቆመች መኪና ክብደቷ ወደ ታችኛው በኩል ይሄዳል፤ አንደኛው ጫፍ ከልኩ በላይ ይወርዳል፣ ሌላው ይነሣል። እዚያ ላይ ብሎን ብታጠብቁ የተሳሳተ ቦታ ላይ አጠበቃችሁ ማለት ነው። ግንበኞች የሚይዙትን ውሃ ልክ ቀጥ ባለ ረጅም ጣውላ ላይ አድርጋችሁ መሬቱን በቁመትም በአግድምም ፈትሹ። እኔ ካልተመቸኝ ኮምቦልቻ ወርጄ ነው የምሠራው። ሜዳው ይመቻል፤ መውረዱም ሞላውን ያስቀምጠዋል።

ከሁሉ የሚሻለው የመፈተሻ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ነው። መኪናዋ በእግሯ ትቆማለች፣ እናንተ ከሥር ቆማችሁ ትሠራላችሁ። ለአንድ ሰዓት ጉድጓዳቸውን እንዲያከራዩዋችሁ ጠይቁ፤ በትሕትና ከጠየቃችሁ እምቢ የሚል ብዙ የለም።

ጉድጓድ ካጣችሁ አራቱንም ጎማ እኩል ከፍታ ባለው ጣውላ ላይ አቁሙ። ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ከጎማው ሰፋ አድርጋችሁ ደራርቡና በምስማር አያይዙት። 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ለቀጭን ሰው እጅ ይበቃል። ብሎኬት አይሆንም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ድንጋይ መደራረብም አይሆንም። ሥር ገብታችሁ ሳለ መኪና በክሪክ ብቻ ቆማ አትኑር፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም።

ከዋዜማው ምሽት

በመጀመሪያ ጎሚኒዎቹን ፈትሹ። የሞተን ጎሚኒ ማላላትና ማጥበቅ ድካም ብቻ ነው። ረዘም ያለ ጠንካራ ብረት በክንዱና በሻንሲው መካከል አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ፈልቅቁ። ትንሽ መለጠጥ ያለ ነው። ላስቲኩ ከብረቱ ከተላቀቀ፣ ስንጥቁ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም የመሀሉ ቱቦ ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ ይቀየር። ከላይ ብቻ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ዕድሜ ነው፤ ይቆያል።

ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጎሚኒ ገጥሙ የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ለጭስ ማውጫ ማንጠልጠያ ይሁን፤ ለፊት ክንድ ግን እኔ አልመክርም። ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተጋገረ ስላልሆነ ፍሬን ሲያዝ ክንዱ ይዋልላል።

አዲስ ስታስገቡ በመዶሻ አይቀጥቀጡላችሁ። በፕሬስ ይግባ፤ በሳሙና ውሃ ረጠብ ይደረግ። አንዳንዱ ጎሚኒ ላስቲኩ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለው። አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት ክፍተቱ ወዴት እንደሚያይ ክንዱ ላይ በምስማር ጫር አድርጉ፤ አዲሱም በዚያው ይግባ።

ሞላውንም አንድ ጊዜ እዩት። ሞላ ማስቆረጥ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። የተቆረጠ ሞላ ግን መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ ከመቀመጫው ሊወልቅ ይችላል፤ ስትወርድ ተጣሞ ይቀመጣል። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሞላው በእጅ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ሥራ ውስጥ አትግቡ፤ እሱን መጀመሪያ አስተካክሉ። ለኛ መንገድ፣ ለኮብልስቶኑም ለፍጥነት መቀነሻውም፣ ከ30 ሚሊሜትር በላይ መውረድ ባይለመድ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ብሎኖቹን በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀቡባቸውና አሳድሯቸው። ላስቲኩ ላይ እንዳይፈስ በጨርቅ ሸፍኑት። ብዙ ቶዮታዎች ላይ የክንዱ ብሎን የሚገባበት ዳዶ (የብሎኑ ማሰሪያ) ሻንሲው ውስጥ የተበየደ ነው። ጥርሱ ከተበላ ሻንሲ መቅደድ ይመጣል። አንድ ሌሊት መታገስ ይሻላል።

ልክና ክብደት

ጠዋት የጎማውን ንፋስ ልክ አድርጉ። ቀጥሎ በአራቱም ጎማ ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የመኪናዋ ሽፋን) ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩና ጻፉት። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስና የመሬቱ ጎርበጥባጣ ያሳስታችኋል። ግራና ቀኙ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ ሞላው ላይ ችግር አለ።

መኪናዋ ዘወትር የምትይዘውን ክብደት እንድትይዝ ማድረግ አለባችሁ። ነዳጁ ግማሽ ይሁን፣ ተጠባባቂ ጎማው ቦታው ይኑር። ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ ባዶዋን መሥራት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ሰው የምታመላልስ ከሆነች ግን የሷ «ቆሞ ማረፍ» ባዶነቷ አይደለም። እኔ ለእንዲህ ዓይነቷ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከፊት፣ ሌላ ግማሽ ኩንታል ከኋላ መቀመጫ ላይ አስቀምጣለሁ። እናቴ ጤፏን ስበደራት መጀመሪያ ትገረም ነበር፤ አሁን ራሷ «መኪና ልትሠሩ ነው?» ትለኛለች።

ማላላት

የሁለት ደቂቃ ሥራ የሚመስለው ግን ያልሆነው ይህ ነው። አራቱም ጎማ መሬት ወይም ጣውላ ላይ ይሁን። ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚከላከል ሽብልቅ) አድርጉላት፣ ማርሽ ውስጥ አስገቧት። ከፊት ጀምሩ። ብሎኑን አውጡት አላልኩም፤ አንድ ዙር፣ ቢበዛ አንድ ዙር ተኩል ብቻ አላሉት። የመሀሉ ቱቦ ከሻንሲው ጆሮዎች እንዲላቀቅ ነው የምንፈልገው። ዳዶ ያለው ከሆነ ብሎኑን ይዛችሁ ዳዶውን አዙሩ።

ከማላላታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ ይህን ሥራ እንድወደው ያደረገኝ እሱ ነው። የጽሕፈት ማጥፊያ ነጭ ፍሉድ ውሰዱ። ከሻንሲው ጆሮ ጀምራችሁ በቱቦው ጠርዝ አልፋችሁ እስከ ክንዱ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር አስምሩ። ይድረቅ። ከዚያ ብሎኑን አላሉት።

የወንድሜን መኪና ሁለተኛ ስንሠራት እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ። ብሎኑ ግማሽ ዙር ሲላላ ምንም የለም። ሦስት አራተኛ ሲሆን «ጥርቅ» አለ። ቱቦው ዘለለ። ነጩ መስመር ለሁለት ተከፈለ፤ ክንዱ ላይ ያለው ባለበት፣ ሻንሲው ላይ ያለውም ባለበት፣ ቱቦው ላይ ያለው ግን ጥቂት ሚሊሜትር ሸሽቶ። ያ ሽሽት ላስቲኩ ተሸክሞት የከረመው ጥምዘዛ ነው። ወንድሜን ጠርቼ በባትሪ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አይቶ «እስከዛሬ እንዲህ ሆና ነው የምትነዳው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ መስመሩን አሳያለሁ።

ቱቦው ካልዘለለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ላስቲኩ ቀድሞም አልተጠማዘዘም፣ ወይ ቱቦው በዝገት ከሻንሲው ጋር ተጣብቋል። ሁለተኛው ይበዛል። የክንዱን ሥር በላስቲክ መዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ይላቀቃል።

ፊት ሲያልቅ ወደ ኋላ ሂዱ። የአግድሙ ብረት ሁለት ብሎኖች፣ የአሞርዛተሮቹ የታች ብሎኖች። ሁሉም በአንድ ላይ ላልተው ይቆዩ።

ማሳረፍ

ሁሉም ላላ። አሁን ከሥር ያለ ሰው ሁሉ ይውጣ። ይህን ሦስት ጊዜ እላለሁ፤ ይውጣ፣ ይውጣ፣ ይውጣ።

ኮፋኖው ጠርዝ ላይ፣ ብረቱ በማይሰረጉድበት ቦታ፣ ሁለት እጃችሁን አሳርፋችሁ ስድስት ሰባት ጊዜ ወደ ታች ተጫኑ። በኋላም እንዲሁ። ከዚያ ታኮውን አውጥታችሁ፣ ማርሹን ነፃ አድርጋችሁ መኪናዋን በእጅ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ግፏት። ጣውላ ላይ የቆማችሁ ግን አትግፉ፤ መጫኑ ይብቃችሁ። መግፋቱ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ መኪና ከክሪክ ስትወርድ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ እንደተሰበሰቡ መሬት ይነክሳሉ፣ ተዘርግተው አይቀመጡም። አንድ ሜትር ሲሽከረከሩ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ደግማችሁ ተጫኑ። አሁን ከቸርኬ መሀል እስከ ፓራፋንጎ እንደገና ለኩ። ጥቂት ሚሊሜትር ወርዳ ብታገኟት አትደንግጡ፤ እውነተኛ ቁመቷ አሁን ያለችበት ነው።

ማጥበቅ

ታኮና ማርሽ መልሱ፣ ሥሯ ግቡ። ሁሉንም በእጅ ቁልፍ እኩል ጨበጥ እስኪሉ አድርሷቸው፤ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ከዚያ በቶርክ ቁልፍ፣ የማጥበቅ ኃይልን በሚለካው ቁልፍ፣ ጨርሱ። ልኩ ከመኪናዋ የጥገና መመሪያ ነው የሚወሰደው፤ የአንዷ ልክ ለሌላዋ አይሆንም። የትንንሽ መኪኖች ክንድ ብሎን ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ «እስኪበቃኝ ጎተትኩት» አይሠራም።

የቶርክ ቁልፍ ያጣ ሰው ገበያ ላይ ከሚገኘው ተንጠልጣይ ሚዛን ጋር ይሥራ። ከብሎኑ መሀል እስከ መጎተቻው 50 ሴንቲሜትር የሆነ ቁልፍ ላይ ሚዛኑን አያይዛችሁ፣ ከቁልፉ ጋር 90 ዲግሪ አድርጋችሁ ስትጎትቱ ሚዛኑ 20 ኪሎ ካለ፣ ብሎኑ ላይ ያረፈው ወደ 98 ኒውተን ሜትር ነው። ሌላ ልክ ከፈለጋችሁ ኒውተን ሜትሩን በቁልፉ ርዝመት በሜትር አካፍሉ፣ ከዚያ ለ9.8 አካፍሉት፤ የምትጎትቱት ኪሎ ይወጣል። ከግምት እጅግ ይሻላል።

ውስጡ ፕላስቲክ ወይም የተጨመቀ ጥርስ ያለው ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ከሆነ አዲስ ግዙለት። አሮጌው በእጅ እስከ መጨረሻው የሚገባ ከሆነ መያዙን ትቷል።

ስትጨርሱ በነጩ ፍሉድ አዲስ መስመር አስምሩ፤ ከሻንሲው በቱቦው አልፎ እስከ ክንዱ፣ ሌላ ደግሞ ከብሎኑ ራስ እስከ ሻንሲው። ሁለቱም ቀጥ ይበሉ።

ጉድጓድም ጣውላም ለሌለው

መንገድ አለ፤ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለ የለካችሁትን ቁጥር ያዙ፤ ለምሳሌ 345 ሚሊሜትር። መኪናዋን አንሥታችሁ ሻንሲዋን ጠንካራ በሆነ የብረት ካቫሌቶ (መደገፊያ) ላይ አሳርፏት። ብሎኖቹን አላሉ። ከዚያ ክሪኩን ከክንዱ ጫፍ፣ ከቴስቲናው አጠገብ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ክንዱን አንሡ፤ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው 345 እስኪሆን። እዚያ ላይ አጥብቁ።

አደጋው እዚህ ነው። ቪትዝን የመሰለች ቀላል መኪና ቁጥሩ ሳይደርስ ከካቫሌቶው ልትነሣ ትችላለች። እያንዳንዱን የክሪክ ምት ስትጨምሩ ካቫሌቶውን እዩ። ብርሃን በመካከል ከታየ አቁሙ፣ አውርዱ፣ መቀመጫው ላይ ጤፉን ጨምሩ። አሁንም ከተነሣች ይህን ዘዴ ተዉትና ጉድጓድ ፈልጉ።

ከዚያ በኋላ

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል፣ የሚሠራው አሁን ነው፤ ከዚህ በፊት አይደለም። ጎሚኒው ሲላላ ክንዱ ቦታውን ስለሚቀይር ቀድማችሁ ያሠራችሁት አላይመንት ገንዘቡ ይባክናል። መኪና ዝቅ ሲል ደግሞ የጎማዎቹ አቅጣጫ በራሱ ይቀየራል። ያልተስተካከለ እንደሆነ ጎማው በውስጥ በኩል ይበላል። ከውጭ ቆማችሁ ስታዩት አዲስ ነው፤ ጎሚስታው ሲያወልቀው ውስጡ ሽቦ አውጥቷል። የፊት መብራቱንም በዚያው አስተካክሉ፤ አፍንጫዋ ወርዶ ከሆነ መሬት ነው የምታበሩት።

መጀመሪያ ቀን ሐይቅ ከተማ ደርሳችሁ ተመለሱ። መንገዱ መካከለኛ ነው፤ ድምፅ ካለ ይሰማል። ሐረጎን በዚያው ቀን አትሞክሩ። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ሥሯ ገብታችሁ መስመሮቹን በባትሪ እዩ። ከብሎኑ እስከ ሻንሲው ያለው መስመር ከተሰበረ ብሎኑ ላልቷል። ከቱቦው እስከ ሻንሲው ያለው ከተሰበረ ደግሞ ቱቦው አልተጨመቀም፤ የማጥበቂያው ልክ አንሷል ወይም በመካከል ዝገት ወይም ቀለም ቀርቷል። ጠርጋችሁ እንደገና አጥብቁ። ቱቦና ክንዱ መካከል ያለው መስመር ግን መኪናዋ ቆማ ሳለ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት፤ ላስቲኩ አርፏል ማለት ነው።

አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ይቀመጣል። ከአንድ ወር በኋላ ከቸርኬ እስከ ፓራፋንጎ ለኩ። ከጻፋችሁት ቁጥር 10 ሚሊሜትር ከወረደች ብሎኖቹን አንዴ ደግማችሁ አላልታችሁ አሳርፏቸው። ዝገቱ ስለተላቀቀ ሁለተኛው ዙር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።